ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወዲያ

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ስለ ማስገባት ዛሬ ባገራችን የማይመክር የለም። አስተማሪው ይመክራል፣ የቀበሌው ሹም ይመክራል፣ ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ ይመክራሉ። ልጅን ከትምህርት ቤት ስለ ማስወጣት ግን የሚመክር ሰው እምብዛም አላየሁም። የገባ ሁሉ አንድ ቀን መውጣቱ የታወቀ ሲሆን፣ የመውጫው ቀን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ሳይታሰብ እንዲመጣ ይተዋል። አካሉ ጤነኛ፣ አእምሮውም ፈጣን የሆነ ልጅ እንደ ምንም ብሎ መንገዱን ያገኛል። ባያገኝም የሚጠጋበት አያጣም፤ ያባቱ መሬት አለ፣ ያጎቱ ሱቅ አለ፣ ባሕር ዳርም ሩቅ አይደለም። ዐይኑ ለማያይ፣ ጆሮው ለማይሰማ፣ ወይም ነገር ቶሎ ለማይገባው ልጅ ግን የትምህርት ቤቱ ደጃፍ የገደል አፋፍ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ለናንተ የምጽፍበት ምክንያት ከነዚህ ልጆች ጋራ ባንድ ወንበር የተቀመጣችሁ፣ ነገም አስተማሪያቸው ወይም አሠሪያቸው የምትሆኑ እናንተ ስለ ሆናችሁ ነው።

የጥንቱ ትምህርታችን መውጫው የታወቀ ነበር። በበጌምድርና በጎጃም ከቆሎ ተማሪዎች ጋራ የሚወጣ ዐይነ ስውር ልጅ ምን ለመሆን እንደሚማር ያውቅ ነበር። ቅኔውም አቋቋሙም በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ የዐይኑ መጥፋት አያግደውም፤ እንዲያውም አሳቡ ወዲያና ወዲህ ስለማይበተን የያዘው አይጠፋውም እየተባለ ይመሰገን ነበር። ባኮፋዳው ቁራሽ እየለመነ፣ የጓደኛውን በትር ጫፍ ይዞ እየተከተለ ይማርና በመጨረሻ መሪጌታ ሆኖ ካንድ ደብር ይቀመጣል፤ መቋሚያውን ይዞ ይመራል፣ ደቀ መዛሙርትም ይከቡታል። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሴት ልጅን አይቀበልም፤ መስማት ለተሳነው ልጅ ዜማ ምኑም አይደለም፤ አእምሮው ላዘገመውም ቦታ አልነበረውም። ነገር ግን የኔታ ልጁን ሲቀበሉ ወዴት እንደሚያደርሱት ያውቁ ነበር፤ ልጁም ያውቅ ነበር፤ የሚመጸውተውም ሰው ያውቅ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ ወዲህ የዐይነ ስውራንና የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ባገራችን ብዙዎቹ በሚሲዮኖች እጅ ተጀመሩ። እኔም በሚሲዮን ቤት ስለ ተማርሁ ልማዳቸውን ዐውቀዋለሁ። ጧት መጽሐፍ፣ ከሰዓት በኋላ መዶሻና መኮትኰቻ ነበር። ከዚያ የወጣ ልጅ ፈተና ቢወድቅ እንኳ በር መግጠም፣ አትክልት ማልማት ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ልጁን ለፈተና ብቻ ያዘጋጃል። የፈተናው በር ደግሞ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ላየውም ለሰማውም እንዲህ የጠበበ በር፣ መጽሐፉ በብሬል ላልታተመለት፣ አስተማሪው በምልክት ቋንቋ ለማይናገርለት ልጅ ምን ያህል እንደሚጠብ መገመት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ልጆቹ መኖራቸውን ማመን ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በኢትዮጵያ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ባወጡት መግለጫ ግን በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ዐሥራ አምስቱ ያህል አንድ ዐይነት ጉዳት አለበት። እኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ ጤነኞች ሆነን ነውን? አይደለም። የቈጠራው ጥያቄ ጠባብ ነበረ፤ ከዚህም በላይ፣ እንደኔ አስተያየት፣ ቈጣሪው ሲመጣ የጓዳው በር የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ነበሩ።

ብዙውን የማስተማር ዘመኔን ያሳለፍሁት በሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ የሐሙስን ቀን ያነሣል። ከርሷ ወዲያ ጉማራ ነው፤ ከጉማራ ወዲያ የፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ርብ ወንዝ ይዘረጋል። በዚያች ከተማ አንድ ዐይነ ስውር ተማሪ ዐውቃለሁ። በሌላ አገር ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል ተምሮ፣ ጥሩ ማርክ ይዞ ነበር የመጣው። ጣቶቹ ከኔ ዐይን ይፈጥናሉ፤ አንድ ገጽ እኔ ሳልጨርስ እርሱ ይጨርሳል። ከትምህርት ቤት በወጣ ጊዜ የሚጽፍበት ሰሌዳና መርፌው የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። መጻፊያውን የተነጠቀ ሰው ማመልከቻ በምን ይጽፋል? ያነበበውንስ በምን ያስታውሳል? ዛሬ ከመናኸሪያው ደጅ ሎተሪ ይሸጣል። ሎተሪ መሸጥ ነውር አይደለም፤ በላቡ የሚያድር ሰው ይከበራል። ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብዙ ሰው ከደከመበት በኋላ፣ ለዐሥራ ሦስተኛው ዓመት አንድም ሰው አንድ ቀን ተቀምጦ አላሰበለትም። ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ሁለተኛዋ ደግሞ መስማት የተሳናት ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት፣ ነፍሷ ቢተርፍም ጆሮዋ ቀረ። ዘግይታ በልዩ ክፍል ገብታ የምልክት ቋንቋ ተማረች፤ ከአክስቷ ዘንድ እየኖረች ስድስተኛ ክፍል ደረሰች። በዕረፍት ጊዜ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ግን እናቷ የሚያውቋቸው ምልክቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ነይ፣ ብይ፣ አምጪ። እስቲ አስቡት፤ በክፍሏ ውስጥ ስለ ወንዞችና ስለ ከዋክብት የምትከራከር ልጅ፣ በቤቷ ከሦስት ቃል የሚበልጥ የሚናገራት የለም። ትምህርቷን ስትጨርስ የምትመለሰው ወደዚያ ዝምታ ነበር።

አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን ወደኔ መጥተው፣ «መምህር፣ ልጂቱን አስተምራችሁ ሰጣችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግና አሁን ምን ላድርጋት?» አሉ። ለርሳቸው የታያቸው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መዳር ነው። የጠየቃት ሰው ነበር፤ አፍ የላትምና አትከራከረኝም ብሎ ሳይወዳት አልቀረም። ልጂቱ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በክልላችን የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። አባትየውን በሕግ ብቻ ባስፈራራቸው ኖሮ ለጊዜው ይመለሱና በሌላ ሌሊት ይድሯት ነበር። ጥያቄያቸው እውነተኛ ጥያቄ ስለ ነበረ እውነተኛ መልስ ይገባው ነበር።

መልሱን የጀመረችው አንዲት ወጣት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ናት። አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣችና በላዩ የልጂቱን ስም ጻፈች። ከዚያም አባቷን፣ እናቷን፣ አክስቷን፣ እኔንና አንድ ልብስ ሰፊ ሰብስባ ልጂቱን ከመካከላችን አስቀመጠቻት። ስለርሷ የምንነጋገረውን ሁሉ በእጇ ትተረጕምላት ነበር። ይህ ለአባትየው እንግዳ ነገር ሆነባቸው፤ ልጅ በሌለችበት ስለ ልጅ መነጋገር የኖረ ልማድ ነውና። መምህርቷም ከሁሉ አስቀድማ ልጂቱን፣ «ምን ትወጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው።

ልጂቱ የወደደችው የልብስ ስፌት ነው። ትምህርቷን ሳታቋርጥ፣ በሰባተኛ ክፍል ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ከአስፋልቱ ዳር ከዚያ ሰፊ ሱቅ መዋል ጀመረች። ሰውየው ጠና ያሉ፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ከሚሰሙት ተማሪዎቻቸው ጋራ ሁሉ ተጣልተዋል። ከርሷ ጋራ ግን አልተጣሉም፤ ስድባቸው ስለማይሰማ ይሆናል። በኋላ ሲነግሩኝ ያስደነቃቸው ነገር፣ መኪናው ክር ሊበጥስ ሲል ወይም ዘይት ሲጠማው ልጂቱ ካለመስማቷ ጋራ ከርሳቸው ቀድማ ማወቋ ነው። እጇን ከጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ የመኪናው አረጋገጥ በጣቶቿ ይነግራታል። ደንበኛውን ደግሞ መጻፍ የሚችለውን በወረቀት፣ የማይችለውን ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ናሙናዎች እያስጠቆመች ታስተናግዳለች። ልኬቱ ቍጥር ነው፤ ቍጥርም ጆሮ አይፈልግም።

በዚያው ጊዜ በቤት ውስጥ ሌላ ትምህርት ይካሄድ ነበር። መምህርቷ ለቤተ ሰቡ በሳምንት ዐሥር ዐሥር ምልክት እንዲያጠኑ ሰጠቻቸው። አባትየው ጣቶቻቸው በእርፍ የደነደኑ ናቸውና አልታዘዝላቸው አለ፤ እናቲቱ ቀስ እያሉ ያዙት። ከሁሉ የፈጠነው የዐሥር ዓመት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ካንድ ዓመት በኋላ ተርጓሚዋ ሆነ፤ እኅቱን የሚሰድባት ሰው ሲያገኝም ስድቡን አለዝቦ ይተረጕማል። ለኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) በዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ከፍቶለታል። እንደ ሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ያለ ሙሉ ቋንቋ ስለ ሆነ ቤተ ሰብ ሊማረው ይቻላል፤ መማር ያለባት ልጂቱ ብቻ አይደለችም።

ክርክር ያስነሣው የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሰፊው የሠራችበትን ዋጋ ላባቷ ሊሰጡ ፈለጉ፤ በአገሩ ልማድ ደግ ማድረጋቸው ነው። መምህርቷ ግን በልጂቱ እጅ ካልሆነ አይሆንም አለች። ሁለት ሳምንት ያህል ተኳርፈን ሰነበትን። ኋላ ገንዘቡ በልጂቱ እጅ ተሰጠ፤ እርሷም ቈጥራ፣ ከፍላ፣ አንዲት በግ ገዝታ ላባቷ አስረከበች። አባትየው ከዚያ ቀን ወዲህ ጋብቻውን ደግመው አላነሡም።

እንዲህ ያለውን ዕቅድ እኛ የፈጠርነው አይምሰላችሁ። በአሜሪካ ከ1990 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ጀምሮ ልዩ ድጋፍ ለሚሻ ተማሪ በሚጻፈው የግል ዕቅድ ውስጥ ከትምህርት በኋላ ምን እንደሚሆን መጻፍ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ በዛሬው ሕጋቸው ይህ ቢዘገይ ከ16 ዓመት ዕድሜው መጀመር አለበት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ይጀመራል፤ በ2014 ያወጡትም ሕግ የሚያስፈልገውን ወጣት እስከ 25 ዓመቱ ድረስ በዕቅድ መርዳትን ይፈቅዳል። በኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዝዛል፤ የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 568/2000 አሠሪ በጉዳታቸው ምክንያት እንዳይለያቸው ይከለክላል፤ የሥራውንም ቦታ እንዲያመቻችላቸው ያስገድዳል። የተባበሩት መንግሥታትንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የጐደለው ከአዋጁና ከልጁ መካከል ያለው ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የሚጽፍ ሰው ከሌለ አዋጁ ሐሙሲት አይደርስም። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚሰማው ልጅ ትምህርት ያጣል፤ የማይሰማው ልጅ ግን የሚያነጋግረውን ሰው ሁሉ ያጣል።

ከክልላችን ከወጡት ውስጥ የትነበርሽ ንጉሤን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በወሎ፣ በሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዐይኗ ጠፋ። ዐይኗ ባይጠፋ ኖሮ እንደ እኩዮቿ በልጅነቷ ትዳር እንደ ነበር ራሷ ተናግራለች። ወደ ሻሸመኔ ሄዳ በካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃውን ፈጸመች፤ ከዚያ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ጋራ ተማረች፤ በዩኒቨርሲቲም ሕግ አጥንታ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች። በ2017 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ጉብዝናዋን ብቻ ያወራሉ፤ መጎበዟስ እርግጥ ነው። እኔ ግን መንገዱን እመለከታለሁ። ከልዩ ትምህርት ቤት ወደ ተራው ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሻገር በያንዳንዱ ወንዝ ላይ ድልድይ ነበረ። ያ የሎተሪ ሻጭ ልጅ የጐደለው አእምሮ አልነበረም።

ነገር ግን ስለ ጎበዞች ብቻ ብናወራ እንታለላለን። ሕግ የማያጠኑ፣ ልብስም የማይሰፉ ልጆች አሉ። የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ አንድ ልጅ ነበረን፤ ከዐሥር በላይ መቍጠር አይሆንለትም፤ ስሙን ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። አጎቱ የሩዝ መፈልፈያ አላቸውና ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጆንያ ጠባቂ ሊያደርጉት ወሰኑ። ሁላችንም መልካም አሳብ ነው አልን። ልጁ ግን ወፍጮው ሲነሣ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል፤ ከጩኸቱ የተነሣ ሌሊት ይባንናል። በስብሰባው ላይ ተራው ደርሶ ሲጠየቅ ምንም ሳይናገር ተነሣና ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ወሰደን። እዚያ እርሱ የተከላቸው የሽንኩርት ችግኞች ነበሩ፤ መሥመራቸው በገመድ የተለካ ይመስላል፤ ከመካከላቸውም አንድ ሥሩ የተሰበረ አልነበረም።

ፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው። የቀድሞ ሰዎች ለከብት ግጦሽ እንጂ ለእርሻ እምብዛም አይመኩበትም ነበር። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን ያው ውሃ የተኛበት መሬት የአገሩ ሀብት ሆነ፤ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ፣ ገበሬው ከጉማራ በሞተር ውሃ እየሳበ በዚያው መሬት ላይ ሽንኩርት ይተክላል። ያ ልጅ ዛሬ ከታኅሣሥ ጀምሮ ችግኝ ይተክላል። የሚከፈለው በመደብ ነው፤ አንድ መደብ በጨረሰ ቍጥር አንድ ጠጠር በኪሱ ያኖራል፤ ማታ ጠጠሮቹ ሲቈጠሩ የሚያታልለው የለም። ክረምት ሲገባ ግን ሥራ የለውም፤ ከቤት ይውላል፤ ይህን ክፍተት እስከ ዛሬ አልሞላነውም።

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ለኦቲዝም ልጆች ጆይ ማዕከልን የከፈቱት ለወንድ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነው። እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ማዕከሉ ግን አለ። በሐሙሲት ያለች እናት ማዕከል መክፈት አይቻላትም። የሽንኩርት ተካዩ እናት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «መምህር፣ ሁሉም ደኅና ነው። እኔ ዐይኔን የጨፈንሁ ዕለትስ?» አለችኝ። «እታለም፣ እርሱንም ከደብተሩ እናስገባዋለን» አልኋት።

አስገባነውም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ እርሷ በሌለች ጊዜ ልጁ ከማን ቤት እንደሚያድር፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝለት፣ ቢታመም ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው የሚጻፍበት ሦስት መሥመር ተሰምሯል። በመጀመሪያው መሥመር ወረታ ያገባችው እኅቱ ስሟን ጽፋ ፈርማለች። በሁለተኛው መሬቱ ላይ የሚሠራበት ገበሬ በጣቱ ፈርሟል። ለሦስተኛው መሥመር ከፋሲካ በኋላ ቤተ ሰቡን እንደገና ለመሰብሰብ ቀን ቈርጠናል፤ ልጁም ይመጣል።